የባሮክ ኦርጋንና ሶፕራኖ ኮንሰርት ስታዘጋጁ ከፖስተሩ ሳይሆን ከኦርጋኑ ጀምሩ

ይሄን የምጽፈው እዚህ ጀርመን ያሉ ልጆቻችን፣ የመካነ ኢየሱስ ኳየር ውስጥ ያደጉትም ሙዚቃ ትምህርት ቤት የገቡትም፣ በሉተራን ቤተክርስቲያን ውስጥ አንድ ሶፕራኖ (ከፍ ያለ የሴት ድምጽ) እና አንድ ኦርጋን ይዘን የባሮክ (ከ1600 እስከ 1750 ገደማ የነበረው ዘመን) መዝሙር ኮንሰርት እናቅርብ ብለው ይነሱና ሁሌ አንድ ቦታ ላይ ስለሚወድቁ ነው። መዝሙር ይመርጣሉ፣ ፖስተር ያሳትማሉ፣ ሁለት ወር ሙሉ ቤት ውስጥ በኪቦርድ ይለማመዳሉ፣ ከዛ በመጨረሻው ሳምንት ቤተክርስቲያኑ ይሄዱና ኦርጋኑ "አይሆንም" ይላቸዋል። እኔ ኦርጋኒስት አይደለሁም፣ ከኦርጋኒስቱ ጎን ቆሜ ሬጂስተር (አንድ ዓይነት ቱቦዎችን የሚከፍተውን መሳቢያ) የምስብ፣ ገጽ የምገልጥ፣ ከካንቶሩ (ከቤተክርስቲያኑ የሙዚቃ መሪ) ጋር ቴርሚን፣ ማለት ቀጠሮ፣ የምይዝ ሰው ነኝ፣ ስለዚህ ስህተቱን ከቅርብ ሆኜ አይቼዋለሁ፣ ግማሹንም ራሴ ሰርቼዋለሁ።

ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ቃል እናጥራ

እኛ ሀገር ቸርች ውስጥ ኦርጋን ሲባል ኪቦርድ ማለት ነው። ትራንስፖዝ በተን ያለው፣ ዘማሪዋ "ትንሽ ዝቅ አርግልኝ" ስትል ሁለቴ ጫን ጫን አርጋችሁ የምትገላገሉት። እዚህ የማወራው ስለ ቱቦ ኦርጋን ነው፣ ከህንጻው ጋር የተሰራ፣ በንፋስ የሚጮህ፣ አንዳንዱ ከሶስት መቶ ዓመት በላይ የሆነው። በተን ብሎ ነገር የለውም። ሰስቴይን ፔዳልም የለውም፣ ጠንከር አርጎ መምታት ለስለስ አርጎ መምታት የሚባል ነገርም የለም፣ ቁልፉን ብትነኩትም ብትደበድቡትም ያው ድምጽ ነው የሚወጣው። እሱ ወደናንተ አይመጣም፣ እናንተ ናችሁ ወደሱ የምትሄዱት።

ደረጃ 1፦ ሄዳችሁ ኦርጋኑን መርምሩ (ከ4 እስከ 5 ወር በፊት)

የጌማይንደውን (የምዕመናኑን ጉባኤ) ቢሮ ሳይሆን በቀጥታ ካንቶሩን ቴርሚን ጠይቁ፣ ስለ ኦርጋኑ የሚያውቀው እሱ ነው። አንድ ሰዓት ይበቃል። እርሳስ (እስክሪብቶ ኦርጋን አጠገብ አይወሰድም)፣ ስልክ ላይ የተጫነ ቱነር አፕ፣ ትንሽ ቴርሞሜትርና ውጭ ያልተረገጠበት ንጹህ ጫማ ያዙ።

*1.1 ፒቹን (የድምጹን ከፍታ) ለኩ።* ፕሪንሲፓል 8 ጫማ የሚለውን ሬጂስተር ብቻ ስቡ። ከመሃል ሲ በላይ ያለችውን ኤ ያዙ። ቱነሩ ስንት ኸርዝ እንደሚል ጻፉ፣ ከጎኑ የቤተክርስቲያኑን ሙቀት ጻፉ። (8 ጫማ የታችኛዋ ሲ ክፍት ቱቦ ርዝመት ነው፣ የተጫናችሁት ኖታ እንዳለ የሚወጣበት። 4 ጫማ ኦክታቭ ከፍ ይላል፣ 16 ጫማ ኦክታቭ ዝቅ ይላል። አንድ ጓደኛዬ የኦርጋን መጫወቻ ጫማ ቁጥር መስሎት "እኔ 42 ነው የማረገው" ብሎ ካንቶሩን ግራ አጋብቶታል።)

የምታገኙት ቁጥር ትርጉሙ እንዲህ ነው፦

- 440 አካባቢ ከሆነ እድለኛ ናችሁ፣ ኦርጋኑ አዲስ ነው ወይ ተስተካክሏል።
- 465 አካባቢ ከሆነ ከኪቦርዳችሁ ግማሽ ቶን ከፍ ይላል። ቱነሩ ኤ ሻርፕ ቢላችሁ አትደንግጡ።
- 494 አካባቢ ከሆነ ሙሉ ቶን ከፍ ይላል። ሃምበርግ ቅዱስ ያዕቆብ ያለው አርፕ ሽኒትገር በ1693 የጨረሰው ትልቁ ኦርጋን እዚህ አካባቢ ነው።
- መሃል ላይ የሚወድቅም አለ። ፍራይበርግ ካቴድራል ያለው የጎትፍሪድ ዚልበርማን ኦርጋን፣ የ1714ቱ፣ 476 ገደማ ነው፣ ግማሽም ሙሉም አይደለም።

*1.2 ጅቡን ፈልጉ።* ጂ ሻርፕን ይዛችሁ ከሱ በላይ ያለችውን ኢ ፍላት ጨምሩ። ደህና ከመሰለ ኦርጋኑ ወደ ዘመናዊ አቃኘት የተጠጋ ነው። እያገሳ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ኦርጋኑ ሚንቶን በሚባለው በድሮው አቃኘት ነው የተቃኘው። ጀርመኖቹ ያንን ድምጽ ተኩላ ይሉታል፣ ለኔ ግን ሌሊት ከሰፈር ጀርባ እንደሚጮህ ጅብ ነው።

ሚንቶን ማለት በአጭሩ አንዳንድ ኮርድ ከኪቦርድ በጣም የበለጠ ያምራል፣ አንዳንዱ ጭራሽ አይነካም ማለት ነው። ጥቁሮቹ ቁልፎች ሁለት ስም የላቸውም። ጂ ሻርፕ አለ፣ ኤ ፍላት የለም። ኢ ፍላት አለ፣ ዲ ሻርፕ የለም። ስለዚህ ሲ፣ ጂ፣ ዲ፣ ኤፍ ሜጀር፣ ዲ ማይነር፣ ኤ ማይነር፣ ጂ ማይነር ሰላም ናቸው። ኤፍ ማይነርና ቢ ሜጀር የሞቱ ናቸው፣ ኢ ፍላት ሜጀርም ኤ ፍላት የምትነካ ጊዜ ያልቃል። ሰው የሚሸወደው በኢ ማይነር ነው፣ ኖታው ላይ አንድ ሻርፕ ብቻ ስላለው የዋህ ይመስላል፣ ግን ወደ ቤቱ ሊመለስ ሲል ቢ ሜጀር ይፈልጋል፣ ቢ ሜጀር ደግሞ ዲ ሻርፕ ይፈልጋል፣ ዲ ሻርፑ የለም። ልክ ማሳረጊያው ላይ ጅቡ ይገባል።

*1.3 ታችኛውን ጫፍ እዩ።* ብዙ የድሮ ኦርጋኖች ታች ያለችው ሲ ሻርፕ የላቸውም። አንዳንዶቹ ደግሞ አጭር ኦክታቭ የሚባለው ነው ያላቸው፣ ኢ የምትመስለው ቁልፍ ሲ ትሰጣለች፣ ኤፍ ሻርፕ የምትመስለው ዲ፣ ጂ ሻርፕ የምትመስለው ኢ። ካልለመዳችሁት ግራ እጃችሁ ይከዳችኋል። ላይኛው ጫፍም ብዙ ጊዜ ከመሃል ሲ ሁለት ኦክታቭ ከፍ ብሎ ሲ ላይ ያቆማል።

*1.4 የሬጂስተሮቹን ዝርዝር ፎቶ አንሱ።* ገዳክት 8 ጫማ መኖሩን አረጋግጡ። ለዘማሪዋ አጃቢ የሚሆነው እሱ ነው፣ ለስለስ ያለ፣ አፉ የተዘጋ ቱቦ።

ማስጠንቀቂያ፦ ካንቶሩ ኖታ በስም ሲጠራ ተጠንቀቁ። ጀርመን "ቤ" ሲል ቢ ፍላት ማለቱ ነው። እኛ ቢ የምንላትን እነሱ "ሃ" ነው የሚሏት። ይሄን የማያውቅ ኪቦርዲስት "ቤ" ተብሎ ቢ ሲጫን አይቻለሁ፣ ሁለቱም አንዱ ሌላው ተሳስቷል ብለው አስር ደቂቃ ተከራከሩ።

ደረጃ 2፦ አሁን መዝሙር ምረጡ (ከ4 ወር በፊት)

በአንድ ድምጽና በአንድ ኦርጋን ብቻ የሚሰራ ምረጡ። ኖታው ላይ ሁለት ቫዮሊን ካለ "ቫዮሊኑን ኦርጋኑ ይጫወተዋል" አትበሉ፣ ይቻላል ግን የለመደ እጅ ይፈልጋል። ለጀማሪ የሚሆኑት ሁለት ምንጮች ናቸው።

አንደኛው ሃይንሪኽ ሹትስ በ1636 እና በ1639 በሁለት ክፍል ያሳተማቸው ትንንሽ መንፈሳዊ ኮንሰርቶች። የሰላሳ ዓመቱ ጦርነት ዘማሪውን ሁሉ በትኖት ስለነበር በጥቂት ድምጽ እንዲዘመሩ ነው የተጻፉት፣ ለኛ ደግሞ ልክ የሚፈለገው እሱ ነው። የመጀመሪያው ክፍል የሚከፈተው በመዝሙረ ዳዊት 70 ነው፣ ሁለተኛው በመዝሙር 34፣ ሁለቱም ለአንድ ሶፕራኖ ናቸው። መዝሙር 70 እንደ ንግግር ነው የሚሄደው፣ ዘማሪዋ እንደምታወራ ሆና ነው የምትዘምረው፣ ስለዚህ ድምጽ ብቻ ሳይሆን ጀርመንኛ የምትችል ትፈልጋለች። መዝሙር 34 ይቀላል፣ በሱ ጀምሩ።

ሁለተኛው በ1736 የወጣው የሸመሊ መዝሙር መጽሐፍ ነው። 954 መዝሙር አለው፣ ዜማ ያላቸው ግን 69 ብቻ ናቸው፣ ዜማዎቹ ላይ ባኽ ሰርቶበታል። ኖታው ላይ ዜማና ከስሩ ባስ ብቻ ነው ያለው፣ በቁጥር የተጻፈ ኮርድ ያለበት። የኛ ኪቦርዲስቶች ኮርድ አይተው መሙላት ስለለመዱ እዚህ ላይ ከብዙ ጀርመን ተማሪ ይሻላሉ፣ እውነቴን ነው።

ለኦርጋን ብቻ የሚሆኑ ስራዎችም ጨምሩ፣ ዘማሪዋ ማረፍ አለባት። ኦርጋኑ ሚንቶን ከሆነ ሳሙኤል ሻይት በ1624 ካሳተመው ከታቡላቱራ ኖቫ ውሰዱ፣ ወይ ከቡክስተሁደ አጫጭር የኮራል ፕረሉዶች (ኮራል የሉተራን ጉባኤ መዝሙር ነው፣ ፕረሉዱ በዜማው ላይ የተሰራ የኦርጋን መግቢያ)። ከባኽ ስትወስዱ ተጠንቀቁ። ሁሉም የሚወደው "ኦ መንሽ ቤቫይን" የሚባለው የህማማት ፕረሉድ (በባኽ ስራዎች ዝርዝር ቢደብሊውቪ 622) በኢ ፍላት ሜጀር ነው፣ ሊያልቅ ሲል ደግሞ ሲ ፍላት ሜጀር ኮርድ ውስጥ ይገባል። በሚንቶን ኦርጋን እሱን መጫወት ምጣድ ላይ ድንጋይ እንደመጋገር ነው።

አደራደሩ ላይ ብዙ አትጨነቁ፣ አንድ ነገር ብቻ፦ ኦርጋኑ የአንድን ኮራል ፕረሉድ ይጫወት፣ ወዲያው ዘማሪዋ ያንኑ ኮራል ትዘምር። ለምሳሌ ለአድቬንት ሉተር በ1524 ያወጣው "ኑን ኮም ደር ሃይደን ሃይላንድ" አለ፣ ቡክስተሁደም ባኽም ፕረሉድ ጽፈውለታል። ሰው ዜማውን በኦርጋን ከሰማው በኋላ ቃሉ ሲመጣለት ደስ ይለዋል፣ የማያውቀውም ይከተላል።

ጠቅላላ ከ55 እስከ 65 ደቂቃ፣ ያለ እረፍት። በየስራው መሃል ሬጂስተር ለመቀየር ከግማሽ እስከ አንድ ደቂቃ እንደሚሄድ ቁጠሩ፣ አስራ ሁለት ስራ ካላችሁ እሱ ብቻ አስር ደቂቃ ሊበላ ይችላል።

ፕሮግራሙ ላይ አማርኛ ትርጉም የምታትሙ ከሆነ የመዝሙሩን ቁጥር አስተውሉ። በኦርቶዶክስ ዳዊት የሹትሱ 34 ማለት 33 ነው፣ 70ው 69 ነው። ሁለቱንም ጻፉ፣ አለበለዚያ ከኮንሰርቱ በኋላ ከእናቶች አንዷ መጥተው ማስተካከላቸው አይቀርም።

"ቢስት ዱ ባይ ሚር" የሚለውን ደግሞ የባኽ ብላችሁ አትጻፉ። ዜማው የሽቶልትሰል ነው፣ ከኦፔራ የመጣ፣ የባኽ ሚስት ደብተር ውስጥ ስለተገኘ ነው ስሙ የተሰጠው። ማቅረብ ትችላላችሁ፣ ስሙን ግን አስተካክሉ።

ደረጃ 3፦ ቁልፉን ወስኑ፣ ኖታውን እንደገና ጻፉ (ከ3 ወር በፊት)

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው፣ ስለዚህ ቀስ ብላችሁ አንብቡ።

አንዴ በአንድ የሰሜን ጀርመን ትንሽ ከተማ ቤተክርስቲያን ልናቀርብ ሁለት ወር በ440 ኪቦርድ ተለማመድን። አርብ ማታ ለመጨረሻ ልምምድ ላይ ወጣን፣ ኦርጋኒስቱ የመጀመሪያውን ኮርድ ያዘ፣ ዘማሪዋ አፏን ከፈተች፣ ከዛ ዘጋችው። "ይሄ የኔ መዝሙር አይደለም" አለችኝ በአማርኛ ወደኔ ዞራ። ኦርጋኑ 465 ነው፣ መዝሙሩ ኢ ፍላት ሜጀር፣ በዛ ላይ ጅብ ያለበት ነው። ያን ሌሊት ኩሽና ጠረጴዛ ላይ መሶቡን ገፍቼ እስከ ዘጠኝ ሰዓት በእርሳስ ስጽፍ አደርኩ። መፍትሄው ግን ሲገባኝ በጣም ቀላል ነበር፦ ኦርጋኒስቱ በዲ ሜጀር ይጫወተው፣ ኦርጋኑ ግማሽ ቶን ከፍ ስለሚል ለዘማሪዋ የሚሰማት ራሱ የለመደችው ኢ ፍላት ነው፣ ዲ ሜጀር ደግሞ በሚንቶን ሰላም ነው። ሁለት ችግር በአንድ እርሳስ። ሶስት ወር ቀድሜ ብሰራው ኖሮ ግን ባልተነጫነጭን ነበር።

ሁሌ ግን እንደዚህ አይቀናም። ኖታው በጂ ሜጀር ቢሆን ግማሽ ቶን ዝቅ ስታረጉት ኤፍ ሻርፕ ሜጀር ይሆናል፣ በሚንቶን የማይታሰብ። ያኔ ምርጫችሁ ሁለት ነው፦ በኤፍ መጫወት (ዘማሪዋ ከለመደችው ግማሽ ቶን ዝቅ ትላለች) ወይ በጂ መተው (ግማሽ ቶን ከፍ ትላለች)። ስትወስኑ ከሁሉ በላይ ያለችውን አንዷን ኖታ ብቻ አትዩ። ዜማው ብዙ የሚቆይበትን ቦታ እዩ። አንዴ ከፍ ብሎ መንካት ለሁሉም ይቻላል፣ አምስት ደቂቃ ሙሉ እዛ መኖር ነው የሚያንቀው።

ቅደም ተከተሉ፦

1. የኦርጋኑን ፒች ጻፉ።
2. ለዘማሪዋ የሚመቸውን ቁልፍ በ440 ፈልጉ።
3. ወደ ኦርጋኑ ቀይሩት፣ 465 ከሆነ ግማሽ ቶን ዝቅ፣ 494 ከሆነ ሙሉ ቶን ዝቅ።
4. የወጣው ቁልፍ ከሰላሞቹ ዝርዝር ውስጥ ከሌለ ወደሚቀርበው ሰላም ቁልፍ ውሰዱትና ዘማሪዋን ጠይቁ።
5. ኖታውን በአዲሱ ቁልፍ ጻፉ ወይ በኮምፒውተር አውጡ። "በጭንቅላቴ ቀይሬ እጫወተዋለሁ" የሚል ኦርጋኒስት ካለ ልምምድ ላይ ያርገው፣ ኮንሰርት ላይ አይሆንም።

አሁን ያ የኪቦርዱ ትራንስፖዝ በተን ስራ ያገኛል። ቤት ስትለማመዱ ከአዲሱ ኖታ ተጫወቱ፣ ኪቦርዱን ግን ለ465 በአንድ ከፍ አርጉ፣ ለ494 በሁለት። እንደ ፍራይበርጉ 476 ከሆነ በአንድ ከፍ አርጋችሁ ማስተር ቱኑን ወደ 36 ሳንቲም ጨምሩበት (ግማሽ ቶን 100 ሳንቲም ነው)። ዘማሪዋ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የኦርጋኑን ድምጽ ነው ጆሮዋ መልመድ ያለበት።

ማስታወሻ፦ ፍጹም ጆሮ ያላት (ኖታ ስትሰማ ስሟን የምታውቅ) ዘማሪ ከሆነች ኖታ ላይ የምታየውና የምትሰማው ስለሚለያይ ትታመማለች። ለሷ ብቻ በምትሰማው ቁልፍ የተጻፈ ሌላ ኮፒ አዘጋጁላት።

ደረጃ 4፦ ጀርመንኛውን አስተካክሉ

ድምጽ እያማረ ቃሉ ስለተበላሸ የከሸፈ ኮንሰርት ብዙ ነው፣ ስለዚህ እንደ ትንሽ ነገር አትዩት። ቃሉን ከዜማው ለይታችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡ፣ ጀርመንኛ ተናጋሪ ይስማችሁ።

- ከንፈራችሁን ኡ ለማለት አሹላችሁ ኢ በሉ፣ ያ እኛ የሌለን "ኡውምላውት" የሚሉት ድምጽ ይወጣል። ኤ ብትሉ ሌላኛው፣ የኦው ኡምላውት፣ ይወጣል። ኢ ብላችሁ አትለፉት።
- "ኢሽ" አትበሉ። የ"እኔ" ቃል መጨረሻ ሽ አይደለም፣ ኽም አይደለም፣ ምላስ ወደ ኢ ቦታ ተጠግቶ የሚወጣ ትንፋሽ ነው። "አኽ" ግን የኛው ኽ ነው፣ እዛ ላይ እንበልጣቸዋለን።
- የነሱን የዜድ ፊደል ዘ ብላችሁ አታንብቡ፣ ትስ ነው። ጸ ደግሞ አታርጉት፣ የኛ ጸ ትፈነዳለች፣ በቤተክርስቲያን ማሚቶ ውስጥ እንደ ጥይት ነው የምትሰማው።
- ኤስ ከአናባቢ ፊት ሲመጣ ዝ ነው። ነፍስ "ዜለ" እንጂ "ሴለ" አይደለም።

በግዕዝ ፊደል ኖታው ስር መጻፍ ይረዳል፣ እኔም እጽፋለሁ፣ ግን ከሁለት ሳምንት በኋላ አጥፉት፣ አለበለዚያ ፊደሉ ወደ አማርኛ ይጎትታችኋል።

ስለ አዘማመር አንድ ነገር፦ ኖታውን ከስር እየጎተቱ መድረስን፣ በየቃሉ መጨረሻ ማንቀጥቀጥን ለጎስፕል ተዉት። ድምጹን ቀጥ አርጋችሁ ጀምሩ፣ ከዛ ከፈለጋችሁ ይሙቅ።

ደረጃ 5፦ ቤተክርስቲያኑ ውስጥ ልምምድ (ቢያንስ ሁለቴ)

*ዘማሪዋ የት ትቁም?* ላይ ሰገነቱ ላይ፣ ኦርጋኑ ጋ። ሰው ሊያያት ይፈልጋል ብላችሁ ከፊት መሰዊያው ጋ አታቁሟት። ድምጽ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ነው የሚሄደው፣ በሷና በኦርጋኑ መሃል 34 ሜትር ካለ የኦርጋኑ ድምጽ በአንድ አስረኛ ሰከንድ ዘግይቶ ይደርሳታል፣ የሷም ለኦርጋኒስቱ እንደዛው። ቀስ ባለ ኮራል ትችሉት ይሆናል፣ ፈጠን ባለው ግን እሷ ስትጠብቅ እሱ ሲጠብቅ ዜማው እንደ ጭቃ ይጎተታል። የግድ ፊት መቆም ካለባት ትንሿን ሳጥን ኦርጋን ተከራዩ ወይ ተዋሱ። እሷ ብዙ ጊዜ ቁልፎቿን ወደጎን አንሸራታችሁ 415፣ 440 ወይ 465 ታረጓታላችሁ፣ ያም ሆኖ ከመኪና ወርዳ ቢያንስ አንድ ሁለት ሰዓት ሳትቆም አትቃኙአት።

ላይ ስትቆምም ከኦርጋኒስቱ ጀርባ ሩክፖዚቲፍ የሚባለው ትንሹ የኦርጋን ክፍል ካለ ከፊቱ አትቁም፣ ጆሮዋ ላይ ነው የሚጮኸው፣ ራሷን አትሰማም። ወደ ጎን ሁለት እርምጃ። ኦርጋኒስቱ ጀርባውን ስለሚሰጣት መስታወት ያስፈልጋል፣ አብዛኛው ቦታ ላይ አለ፣ አቅጣጫውን ለሷ ቁመት አስተካክሉና በቴፕ ምልክት አርጉ።

*ማጀብ።* በገዳክት 8 ብቻ ጀምሩ። አንዳችሁ ወርዳችሁ ከመጨረሻው ወንበር አዳምጡ (ላይ ሆኖ የሚሰማው ውሸት ነው)። ዘማሪዋ ከተዋጠች የኖታውን ብዛት ቀንሱ እንጂ ሌላ ሬጂስተር አትፈልጉ፣ አራት ኖታ የነበረው ኮርድ ሶስት ይሁን። ቀኝ እጅ ከሷ ዜማ በታች ይቆይ፣ ዜማዋን አብሮ አይምታላት። እሷ ስትተነፍስ እናንተም ጣታችሁን አንሱ። ኮርዱን እንደ ኪቦርድ አትበትኑት። ባሱን በፔዳል (በእግር በሚጫኑት ቁልፎች) 16 ጫማ ለማወፈር የምትሉ ልጆች ደግሞ፣ ተዉት።

ለብቻው የሚጫወተው ኦርጋን ላይ ግን ፕሪንሲፓሉን ከነሚክስቱሩ (ከላይ የሚያብለጨልጩት ትንንሽ ቱቦዎች) ክፈቱት፣ ሰው የመጣው ለሱም ነው። ዜማው በቀኝ እጅ ብቻውን የሚሄድበት ፕረሉድ ከሆነ ሰስክቪአልተራ የሚባለውን ሬጂስተር ከትረሙላንት (ንፋሱን ከሚያንቀጠቅጠው) ጋር ሞክሩ።

*ማን ይስባል?* ድሮ የተሰራ ኦርጋን ሬጂስተሮችን የሚያስታውስ ሚሞሪ የለውም። ሳቢ ያስፈልጋል፣ መሳቢያዎቹ በግራም በቀኝም ከሆኑ ሁለት። ለየስራው በትልቁ በወረቀት ጻፉ፦ የሚወጡ፣ የሚገቡ፣ ማን ይስባል። መሳቢያው ከባድ ነው፣ እስከ መጨረሻው ካልወጣ ቱቦው ግማሽ ንፋስ ያገኝና ይንጫጫል።

ደረጃ 6፦ ማሞቂያው (ከአንድ ቀን በፊት)

ኩስተሩን፣ ማለት ቤተክርስቲያኑን የሚከፍተውንና የሚያሞቀውን ሰው፣ ከካንቶሩ እኩል አክብሩት። ማሞቂያው በሱ እጅ ነው።

አየሩ በአንድ ዲግሪ ሲሞቅ የቱቦዎቹ ድምጽ ወደ 3 ሳንቲም ከፍ ይላል። በ10 ዲግሪ 440 የነበረ ኦርጋን በ20 ዲግሪ 448 ገደማ ይሆናል። ይሄ ብቻ ቢሆን እዳው ገብስ ነበር፣ ዘማሪዋ ትከተለው ነበር። ችግሩ ምላስ ያላቸው ቱቦዎች፣ ትሮምፔትና ፖዛውነ የሚባሉት፣ እኩል አይወጡም፣ እዛው ይቀራሉ፣ ስለዚህ አብረው ሲጮሁ ይጣላሉ። በክረምት ሰው እንዳይበርደው ብላችሁ ከሁለት ሰዓት በፊት በሀይል ካሞቃችሁ ኮንሰርቱን ገደላችሁት። በዛ ላይ ደረቅ አየር የድሮ እንጨት ይሰነጥቃል፣ እሱ ደግሞ ከይቅርታ ያለፈ ነው።

ስለዚህ ቀደም ብሎ ተጀምሮ በሰዓት አንድ ዲግሪ ያህል ቀስ እያለ ይሙቅ። ልምምዳችሁና ኮንሰርታችሁ በተመሳሳይ ሙቀት ይሁን። ፖስተሩ ላይ "ሞቅ ያለ ልብስ ልበሱ" ብላችሁ ጻፉ፣ ነጠላ ሳይሆን ጋቢ። ትሮምፔቱ ከተበላሸ ራሳችሁ ለማስተካከል ሳጥኑን አትክፈቱ፣ ካንቶሩ ካልነካው ሌላ ሰው አይነካውም፣ ያለሱ ተጫወቱ።

የሙዚቃው መብት ጉዳይም በዚህ ሳምንት ሳይሆን ቀደም ብሎ ያልቃል። ሹትስም ባኽም ከሞቱ ቆይተዋል፣ ኮርዱን ሞልቶ ያሳተመው የዘመናችን ሰው ግን መብት ሊኖረው ይችላል፣ ጌማም (የጀርመን የሙዚቃ መብት ድርጅት) ሊጠይቃችሁ ይችላል። የትኛውን እትም እንደተጠቀማችሁ ጻፉና ለጌማይንደው ቢሮ ስጡ፣ እነሱ ያውቁታል።

ደረጃ 7፦ እየቀረበ ሳለ ሲበላሽ

*አንድ ቱቦ ጩኸቱን አላቆም ካለ።* ይሄ ያጋጥማል፣ ቁልፉን ለቃችሁት ድምጹ ይቀጥላል። ቁልፏን ፈጠን አርጋችሁ ሁለት ሶስቴ ምቷት፣ ብዙ ጊዜ ይለቃል። ካልለቀቀ ሳቢው ሬጂስተሮቹን አንድ በአንድ ይመልስ፣ የጮኸው ዝም ሲል ጥፋተኛው ተገኘ፣ ያለሱ ቀጥሉ። ያም ካልሆነ ወደ ሌላኛው ማኑዋል (የእጅ ቁልፎች ረድፍ) ዙሩ። ሞተሩን ማጥፋት የመጨረሻው ነው፣ ንፋሱ ሲወርድ ኦርጋኑ እንደሚታረድ በሬ ነው የሚያቃስተው፣ ሰው ይደነግጣል።

*ዘማሪዋ ከፒቹ ከወረደች።* ገዳክት ላይ ፍሉት 4 ጫማ ጨምሩላት፣ ከፍ ያለ ድምጽ ስትሰማ ትይዘዋለች። ጮክ ያለ ነገር አትጨምሩ፣ እሷም ጮክ ትልና ይብሳል።

*ከተለያያችሁ።* ኦርጋኒስቱ አያቁም፣ ባሱን ብቻ ይዞ ይሂድ፣ ኮርዱን ይተው። እሷ ቀጣዩ ስንኝ መጀመሪያ ላይ ትገናኘዋለች። ይሄን ልምምድ ላይ አውቃችሁ አንዴ ተለያዩና ሞክሩት።

*ሰው በየመሃሉ ካጨበጨበ።* ምንም አታርጉ። ዘማሪዋ ራሷን ዝቅ አርጋ ትቀበል፣ ኦርጋኒስቱ ይጠብቅ። የኛ ሰው እልል ካለም ይበል፣ ማሚቶው ራሱ ያምራል፣ ቀጣዩ ለስላሳ ከሆነ ግን እስኪበርድ አትጀምሩ።

*ማሳል ከመጣባት።* ከሷ ቀጥሎ ያለውን የኦርጋን ስራ አስቀድሙ። ለዚህ ነው ሳቢው የሁሉንም ስራ ወረቀት በእጁ የሚይዘው።

ደረጃ 8፦ ካለቀ በኋላ

የመጨረሻው ኮርድ ሲነሳ እጃችሁን ከቁልፉ ላይ አታሽሹ፣ ማሚቶው እስኪጠፋ ማንም አይንቀሳቀስ፣ ሳቢውም ሬጂስተር አይመልስ፣ ቋ ቋ የሚለው ከታች ይሰማል። ጭብጨባው ሲጀመር ዘማሪዋ ወደ ሰገነቱ አጥር ትጠጋ፣ ሰው ፊቷን ይይ።

ከዛ ሁሉንም ሬጂስተር መልሱ፣ ሞተሩን አጥፉ፣ የመብራቱን ገመድ ንቀሉ፣ መዝጊያውን ቆልፉ፣ ቁልፉን ለኩስተሩ በእጁ ስጡ። ብዙ ቦታ ኦርጋኑ አጠገብ ደብተር አለ፣ ቃኚው ሲመጣ የሚያነበው። የጮኸ ወይ የተበላሸ ቱቦ ካለ ቀኑን፣ የሬጂስተሩን ስምና ኖታውን ጻፉበት። ኖታዋ ቢ ከሆነች "ሃ" ብላችሁ ጻፉ።